ሸራው ምን አጠፋ? አውቶማቲክ መኪና ማኑዋል ሲደረግ የፍሪሲዮን ዘንግ ቦታው የት ነው?

ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ለሚወጣ ሰው የመጀመሪያው ግማሽ ዳገት አይመስልም። ዳገትነቱ የሚታወቃችሁ መብራት ሲያስቆማችሁ ነው። ከፊት ሚኒባስ፣ ከኋላ ሚኒባስ። ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን የግራ እግር ፔዳል) ረግጣችሁ አንደኛ ማርሽ ልታስገቡ ስትሉ ከእግራችሁ ስር "ክርርር" የሚል ድምፅ ይመጣል። አረንጓዴ በርቷል። ከኋላ ጡሩምባ ይጮሃል። ማርሹ ግን አልገባም።

የአጎቴ መኪና አራት ወር ሙሉ እንዲህ ስታደርገን ነበር። በፈረንጆቹ 1965 የተሠራች ፎርድ ፋልከን ናት። አያቴ የገዟት፣ አጎቴ መንዳት የተማረባት መኪና ስለሆነች መሸጥ የሚባል ነገር አይታሰብም። አውቶማቲክ ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ሲሞት የመለዋወጫ ሰፈሩን ሶማሌ ተራን አዳረስን። ምናለሽ ተራም ወረድን። ለአውቶማቲኩ የሚሆን ዕቃ የለም። በመጨረሻ ከተፈታች ተመሳሳይ መኪና ላይ ማኑዋል ካምቢዮ ከነፔዳሉ ተገኘ። ደስ አለንና ገዛን፣ አስገጠምን። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የገጠመልን ጋራዥ ማርሹ አልገባ ሲል ሸራ (ፍሪሲዮኑ ውስጥ ያለውን የሚበላ ክብ ሳህን) ቀየረ። ሳይስተካከል ሲቀር ሌላ ሸራ ቀየረ። ሁለቱም ጊዜ ካምቢዮው ወርዶ ተሰቀለ፣ ሁለቱም ጊዜ ከፈልን። በኋላ ተክለሃይማኖት አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ሄድን። ከስር ገብተው የእጅ ባትሪ አበሩና አጎቴን ፔዳሉን ቀስ ብሎ እንዲረግጥ አዘዙት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ እዚያው በጀርባቸው እንደተኙ "ሸራው ምን አጠፋ? ቦታውን ያጣው ዘንጉ ነው እንጂ" አሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዘንግ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና አድሶ መያዝ የሚፈልግ ሰው ብዙ ያጋጥመኛል። አውቶማቲኩን ወደ ማኑዋል ስለመቀየር የሚጠይቀኝም አይጠፋም። ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ካምቢዮው ነው። ስለ ዘንጉ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ፍሪሲዮን ሲለቅ ምን ይሆናል?

ሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ አለ፤ ከባድ ክብ ብረት ነው። ቮላኖው ፊት ላይ ሸራ ይቀመጣል። ሸራውን ከጀርባው በኃይለኛ ሞላ የሚጫን ሳህን አለ። እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ካልሆነ ሦስቱ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ፣ የሞተሩ ጉልበትም ወደ ካምቢዮው ያልፋል። ፔዳሉን ስትረግጡ አንድ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር የብረት ቀለበት) ወደ ፊት ተገፍቶ የሞላውን ጣቶች ይጫናል። ሳህኑ ያፈገፍጋል፣ ሸራው ነጻ ይሆናል። ሸራውን ነጻ የሚያወጣው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

ኩሽኔታውን የሚገፋው ሹካ ነው። ሹካውን አንድ ዘንግ ይገፋዋል፤ ያንን ዘንግ ሌላ ዘንግ። እንዲህ እንዲህ እያለ እግራችሁ ጋ ይደርሳል።

አውቶማቲክ መኪና ላይ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ ሲቀየር ብዙ ነገር ይገባል። አውቶማቲኩ በነበረው ቀጭን ሳህን ፈንታ ቮላኖ ይታሰራል። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት ትንሽ ቡሽ (የብረት ቀለበት) ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ መግባት አለበት፤ በአውቶማቲክ ሞተር ላይ አይኖርም፣ ብዙ ሰውም ይረሳዋል። የካምቢዮው መያዣ ቦታ ይለወጣል። ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል። ሞተር የሚያስነሳው መስመር ማርሹ ፎሌ (ነጻ) ላይ ካልሆነ እንዳይሠራ የሚያደርገው ማብሪያም አብሮ መስተካከል አለበት። እነዚህ ግን ወይ ይገጥማሉ ወይ አይገጥሙም። ካልገጠሙ ወዲያው ታያላችሁ። ዘንጉ ግን በደንብ ገጥሞም ላይሠራ ይችላል። ለዚህ ነው ሰው የሚያደክመው።

12 ለ 1

ትንሽ ሒሳብ ልሥራ፤ ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የእናንተን መኪና በሜትር ለኩ።

ፔዳሉ ከሚንጠለጠልበት ነጥብ እስከ እግር መርገጫው 300 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ዘንጉ የተያዘበት ቀዳዳ ደግሞ ከዚያው ነጥብ 50 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ እግራችሁ 6 ሲሄድ ዘንጉ 1 ይሄዳል። ታች ያለው ሹካ ደግሞ ጫፉ 2 ሲገፋ ኩሽኔታውን 1 ይገፋዋል። ስድስት ጊዜ ሁለት አሥራ ሁለት። እግራችሁ 12 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ኩሽኔታው የሚሄደው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ጥቅሙ ጉልበት ነው። ኩሽኔታው ላይ 150 ኪሎ የሚጠይቅ ሞላ እግራችሁ ላይ 12 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ዋጋው ደግሞ ጉዞ ነው። ፔዳሉ በጠቅላላው 150 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ኩሽኔታው የሚያገኘው 12.5 ነው። ከዚህ ላይ ፔዳሉ ምንም ሳይሠራ የሚሄደው የመጀመሪያ ክፍተት ይቀነሳል። 24 ሚሊ ሜትር ብንተው ኩሽኔታው ጋ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የቀረው 10.5። ፍሪሲዮኑ በደንብ ለመልቀቅ 9 ቢፈልግ፣ በእጃችሁ የቀረው ትርፍ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር! መጋጠሚያ ላይ ያለች ያረጀች ቀዳዳ ትበላዋለች። ከፔዳሉ በታች ባለው መስመር ላይ አንድ ቀዳዳ በ1 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ እግራችሁ ጋ ሲደርስ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች ካሉ 18 ሚሊ ሜትር ሄደ። ትርፉ አለቀ። ሸራው አዲስ ነው፣ ሞላው አዲስ ነው፣ ማርሹ ግን ይጮሃል። ከተፈታ መኪና የመጣ ዘንግ ስትገዙ መጀመሪያ ጣታችሁን ቀዳዳዎቹ ውስጥ አድርጉ። እንቁላል ቅርጽ ከያዙ ቶርኖ ቤት ውሰዱና ቡሽ ይግባባቸው። ከሁለተኛ ሸራ በጣም ይረክሳል።

አግድሙ ዘንግ

ፔዳሉ ያለው ሾፌሩ ጋ ነው። ከቦዲው ጋር ታስሯል። ሹካው ያለው ካምቢዮው ላይ ነው፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሞተር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጎሚኒ (ላስቲክ) ላይ ነው ያረፈው። ኮፈኑን ከፍታችሁ አንድ ሰው ነዳጅ ሲሰጥ እዩት፤ ወደ ጎን ጋደል ይልና ይመለሳል።

ከሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያስታርቅ ዕቃ ያስፈልጋል። በእኛ ፋልከንም ሆነ በዘመኑ ብዙ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ይህ ዕቃ ከሞተሩ ጎን ወደ ሻንሲው (ከቦዲው ስር ያለው ወፍራም ብረት) በአግድም የተዘረጋ ቧንቧ ነው። አግድም ዘንግ ልበለው። አንዱ ጫፉ ሞተሩ ላይ በታሰረ፣ ራሱ ኳስ በሆነ ቡሎን ላይ ያርፋል። ሌላው ጫፉ ሻንሲው ላይ ባለ መያዣ ኳስ ላይ ያርፋል። ከቧንቧው ሁለት ክንዶች ይወጣሉ። ላይኛውን ክንድ ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ይገፋዋል። ቧንቧው ይዞራል። ታችኛው ክንድ ሹካውን የሚነካውን ዘንግ ይገፋል።

ኳሶቹ ለጌጥ አይደሉም። ሞተሩ ሲጋደል ቧንቧው አብሮ ጋደል ሊል የሚችለው በእነሱ ነው። ጫፎቹን በቡሎን ድርቅ አድርጎ የሚያስር ሰው አይቻለሁ። ሌላው ደግሞ ሞተሩ ጋ መድረስ ሲከብደው ሁለቱንም ጫፍ ሻንሲው ላይ ያደርጋቸዋል። ቆማችሁ ስትረግጡት ይሠራል። ዳገት ላይ ስትነሱ ግን ጉዱ ይወጣል። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ስትለቁ ሞተሩ ይጋደላል። ሲጋደል ሹካውን ይስበዋል። ሹካው ሲሳብ ፍሪሲዮኑ ትንሽ ይለቃል። ሲለቅ ሞተሩ ይመለሳል። እንደገና ይይዛል። መኪናዋ እንደ በቅሎ እየዘለለች ትነሳለች፣ ሰውም "ሸራው ዘይት ነክቶታል" ይላል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር በተለይ ይጎዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ስንነሳ ነዳጅ ጨምረን ፍሪሲዮኑን ረዘም አድርገን እናንሸራትታለን። ሜዳ ላይ የማይታወቅ ጉድለት ፒያሳ ሳይደረስ ይታወቃል።

የአግድሙን ዘንግ ቦታ በሦስት አቅጣጫ እዩት። ከላይ ስታዩት ከሞተሩ ርዝመት ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት። ከፊት ስታዩት ወደ አንድ ወገን መዝቀጥ የለበትም። ዘንጎቹ ደግሞ የሚገፉትን ክንድ ፊት ለፊት ይግፉት። ከጎን አንሻፈው የሚገፉት ከሆነ ቧንቧውን ያጣምሙታል፣ ቡሾቹንም በአንድ ወገን ይበሏቸዋል። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቱቦ፣ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖና የመሪው ዕቃም እዚያው ሰፈር ናቸው። ሞተሩ ተጋድሎም ቢሆን ቢያንስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

ሻንሲው ላይ የሚበየደው መያዣ ከወፍራም ብረት ይሁን። ቀጭን ላሜራ ላይ ከተበየደ ፔዳሉ ሲረገጥ ላሜራው ራሱ ይተነፍሳል። ሽማግሌው ሜካኒክ በእጅ ባትሪ ሲፈልጉት የነበረው አንዱ ይህ ነው። ከስር ተኝታችሁ ሰው አስረግጡና እዩ። መንቀሳቀስ ሳይገባው የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጉዞ እየሰረቃችሁ ነው።

ለስላሳው ፔዳል

አሁን ወደ እኛ ጥፋት ልምጣ። ማዕዘን የሚባለውን ነገር በደንብ የገባኝ በእሱ ነው።

ዳዶ በቁልፍ ስትፈቱ እጀታውን የምትስቡት ቀጥ ባለ ማዕዘን ነው። ወደ ዳዶው አቅጣጫ አጋድላችሁ ብትስቡት ጉልበታችሁ ይባክናል። የአግድሙ ዘንግ ክንዶችም ያው ቁልፍ ናቸው። ክንድና ዘንግ በጉዟቸው መሐል ላይ ሲደርሱ 90 ዲግሪ መሥራት አለባቸው። መሐል ላይ ማለቴን ልብ በሉ። መነሻው ላይ ወይም መጨረሻው ላይ አይደለም። እንዲህ ከሆነ ክንዱ ከመሐሉ ወደዚህና ወደዚያ እኩል ይጋደላል፣ የሚጠፋውም ነገር ከቁጥር አይገባም።

ከተፈታችው መኪና ካምቢዮና ፔዳል ተገኘ እንጂ አግድሙ ዘንግ አልነበረም። የመጀመሪያው ጋራዥ አዲስ አስቀጠቀጠ። ቧንቧው ጥሩ ነበር። ኳሶቹም ጥሩ ነበሩ። ታችኛው ክንድ ግን ገና ከመነሻው ወደ ሹካው አቅጣጫ 30 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ተበይዷል።

እንግዲህ ቁጥሩን ተከተሉ። ክንዱ 75 ሚሊ ሜትር ነው። ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ቧንቧው 19 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ክንዱ በትክክል ቢቀመጥ በዚህ ዙር ታችኛውን ዘንግ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገፋዋል። የእኛ ግን ከ30 ተነስቶ 49 ዲግሪ ላይ ነው የሚደርሰው። ክንዱ ወደ ሹካው ከመሄድ ይልቅ ወደ ላይ መነሳት ይጀምራል። የሚገፋው 19 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ኩሽኔታው ጋ ሲደርስ 9.5። የመጀመሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስትቀንሱ 7.5። ፍሪሲዮኑ የሚፈልገው 9 ነበር። አለቀ። መቶ ሸራ ቢቀየር አይለቅም።

የሚገርመው፣ ፔዳሉ በጣም ለስላሳ ነበር። መኪናዋን ስንረከብ ሁላችንም ተራ በተራ ረግጠን "እንዴት ያለ ሥራ ነው!" ብለን ነበር። የተሰረቀው ጉዞ በልስላሴ መልክ ነው የተመለሰልን። ታችኛው ክንድ ሲያጋድል ጉዞ ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ ለስላሳ ፔዳልና የሚጮህ ማርሽ አብረው ከመጡ ዓይናችሁን ታችኛው ክንድ ላይ አድርጉ።

ላይኛው ክንድ ሲዛባ ነገሩ ይገለበጣል። 45 ዲግሪ ቢያጋድል 75 የነበረው ክንድ እንደ 53 ሆኖ ነው የሚሠራው። 12 ኪሎ ተኩል የነበረው ፔዳል ከ17 ኪሎ በላይ ይሆናል። ፍሪሲዮኑ ይለቃል፤ ከሜክሲኮ ፒያሳ በተጨናነቀ ሰዓት ስትነዱ ግን ግራ ጉልበታችሁ ያቃጥላችኋል። ይህን ደግሞ ሰው "ሞላው ጠንካራ ነው" ብሎ ምንም ባላጠፋው ሞላ ያሳብባል።

የመጀመሪያው ጋራዥ አንድ ሌላ ነገርም አድርጎ ነበር። ማርሹ አልገባ ሲል የታችኛውን ዘንግ አስረዝሞ የመጀመሪያውን ክፍተት አጠፋው። በሒሳባችን 7.5 የነበረው 9.5 ሆነ፣ ማርሹም ገባ። ሁለት ሳምንት ተደሰትን። ከዚያ ፔዳሉን ሳንነካው እንኳ ከስር የሚያፏጭ ድምፅ መጣ። ክፍተት ሲጠፋ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ጣቶቹን ነክቶ ይዞራል። የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ እንዲዞር ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲዞር አይደለም። የእኛ ተቃጠለ። ካምቢዮው ለሦስተኛ ጊዜ ወረደ።

ከሹካው ጀምሩ

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከፔዳሉ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ቦታው ሊለወጥ የማይችለው ሹካው ነው። ስለዚህ ከእሱ ተነስታችሁ ወደ እግራችሁ ኑ።

ካምቢዮው ከመሰቀሉ በፊት ሹካውን በእጃችሁ ግፉት። ኩሽኔታው ጣቶቹን ሲነካ የት እንዳለ ምልክት አድርጉ፤ ፍሪሲዮኑ ሲለቅ የት እንደሚሆንም እንዲሁ። የሁለቱ መሐል ላይ ሹካው ከካምቢዮው ዘንግ ጋር 90 ዲግሪ መሆን አለበት። ካልሆነ፣ ሹካው የሚደገፍባት ኳስ ራስ ቡሎን አጥራለች ወይ ረዝማለች፣ ወይም ኩሽኔታው ለዚያ ፍሪሲዮን አይደለም። ይህን ጥፋት ውጭ ያለውን ዘንግ በማስረዘም ለማረም አትሞክሩ። አይታረምም፤ ይደበቃል እንጂ።

ከዚያ ታችኛው ዘንግ ይግባ፣ ከእሱ በኋላ አግድሙ። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ የኳሱ ቡሎን የሚታሰርበት ቀዳዳ ፋብሪካው ራሱ አዘጋጅቶት ይገኛል፤ ለአውቶማቲክ መኪና የወጣ ሞተር ላይ እንኳ። መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉና ፈልጉ። እሱ ከተገኘ ግማሹ ቦታ ታወቀ ማለት ነው። ቀሪው ሻንሲው ላይ ያለው መያዣ ነው። በካርቶን ቆርጣችሁ ሞክሩት። ቧንቧውን በእንጨት ዱላ ተኩ። ማዕዘኖቹ ሲስማሙ በብረት ሥሩትና በሁለት ነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙት። ክንዶቹንም እንዲሁ። ፔዳሉን 20 ጊዜ ርገጡ፣ ከስር እዩ። ሙሉው ብየዳ ከዚህ በኋላ ይምጣ። የእኛ ክንድ በነጥብ ተይዞ ቢሞከር ኖሮ በመዶሻ አንድ ምት ይስተካከል ነበር።

መጨረሻ ላይ ፔዳሉ ይምጣ። ከፍታው ከፍሬኑ ፔዳል ጋር እኩል ይሁን። ከላይ መመለሻ ሞላ፣ ከታች ማቆሚያ ይኑረው። ማቆሚያው ችላ የሚባል ነገር አይደለም። ፍሪሲዮኑ ከለቀቀ በኋላ አልፋችሁ ብትገፉት የሞላው ጣቶች ከልካቸው በላይ ይታጠፋሉ፣ ሊሰበሩም ይችላሉ።

ስለ ሞላ ካነሳን፣ በአሮጌ ፎርዶች ዳሽቦርድ ስር ፔዳሉን ከመሐል በኋላ ወደ ታች የሚያግዝ ጠንካራ ሞላ አለ። ያ ሞላ የተሠራው ሦስት ጣት ላለው ለድሮው ዓይነት ፍሪሲዮን ነው። አሁን ገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ባለ ክብ ሳህን ሞላ ነው። እሱ ወደ መጨረሻው እየቀለለ ስለሚሄድ አጋዡ ሞላ ያሸንፈዋል። ፔዳሉ ወርዶ ወለል ላይ ይቀራል። አዲሱን ዓይነት ካስገባችሁ አጋዡን ሞላ አውጡት። ስታወጡት ፊታችሁን አርቁ፤ ሲፈናጠር ክፉ ነው።

ይሠራል አይሠራም?

የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ አንሱና ከስር የማይንሸራተት ድጋፍ አድርጉ። የፊቶቹን ጎማዎች በድንጋይ አግዱ። ሞተሩ ይጥፋ። አንደኛ ማርሽ አስገቡ። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጥ፣ ሌላው ካርዳኑን በእጁ ያዙረው። በነጻ መዞር አለበት። አሁን ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ካርዳኑ የሚይዝበት ቦታ ላይ ቁሙና ከወለሉ ምን ያህል እንደሆነ በማስመሪያ ለኩ። ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ካለ ደህና ነው። ወለሉን እንደለቀቀ ወዲያው ከያዘ ትርፍ የላችሁም። ሞተሩ ሲግል፣ ቡሹ ትንሽ ሲበላ፣ መኪናዋ ታቆማችኋለች።

ሁለተኛው መፈተኛ የኋላ ማርሽ ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ርገጡ፣ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ከዚያ አስገቡ። በአብዛኛው አሮጌ ካምቢዮ ላይ የኋላ ማርሽ ፍጥነት የሚያስማማ ቀለበት የለውም። ስለዚህ አይዋሽም። ቆጥራችሁም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ካቮስ? ዘይትስ?

ዘንግ አልመች ያለው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ቮልስ (ቮልስዋገን) የነዳ ሁሉ ካቮን (በዘንግ ፈንታ የሚስበውን የብረት ገመድ) ያውቃል። በወለሉ መሐል ባለው ቱቦ ውስጥ አልፎ ኋላ ካምቢዮው ጋ ክንፍ ባላት ዳዶ ይያዛል። እዚያም ቦታ ወሳኝ ነው። ካቮው ካምቢዮው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ተጣጣፊ ቱቦ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሆዱ መውረድ አለበት፤ ድርቅ ካለ መኪናዋ ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች። በሌላ መኪና ላይ ካቮ ስትዘረጉ ሰፊ ቅስት ስጡት፣ ከማርሚታም አርቁት። ደግሞ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን የኤሌክትሪክ ምድር ገመድ አትርሱ። እሱ ከተረሳ ሞተሪኖው ሲነሳ ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲፈልግ በካቮው ውስጥ ያልፋል፤ ካቮው ግሎ ይቃጠላል። ስንት ካቮ በዚህ ምክንያት ያለ ስሙ ተወቅሷል።

የዘይቱ መንገድ፣ በዘንግ ፈንታ በዘይት ግፊት የሚሠራው፣ ለብዙ ሰው ይቀላል። ላይኛው ፖምፓ ፔዳሉ ጋ፣ ታችኛው ሹካው ጋ። ሞተሩ ቢጋደል ተጣጣፊው ቱቦ ይችለዋል። አግድም ዘንግ አያስፈልግም። ሒሳቡ ግን አይቀርም። ላይኛው ፖምፓ 19 ሚሊ ሜትር፣ ታችኛው 22 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ካላቸው፣ ላይኛው 30 ሲገፋ ታችኛው 22 ገደማ ይገፋል። መርጣችሁ ግዙ፤ "ሁለቱም የፍሪሲዮን ፖምፓ ነው" በሚል ብቻ አትግዙ። ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ፖምፓውን ቀጥ ብሎ ይግፋው። አንሻፎ ከገፋው የውስጡን ጎሚኒ በልቶ በጥቂት ወራት ያንጠባጥባል። ፖምፓው የሚታሰርበት ላሜራም ይጠንክር። ከኋላው አንድ ሳህን ብረት ጨምሩለት። የታችኛው ፖምፓ አየር ማስወጫ ደግሞ ወደ ላይ ይዙር፣ አለበለዚያ አየሩ በፍጹም አይወጣም።

እኛ አግድሙን ዘንግ አልተውንም። ሽማግሌው ክንዱን ቆርጠው፣ ማዕዘኑን በካርቶን ለክተው፣ መልሰው በየዱት። ግማሽ ቀን ፈጀ። ካምቢዮው አልተነካም። ፔዳሉ ትንሽ ከበደ፤ ማርሹ ግን በሁለት ጣት ይገባል። ሒሳብ ሲጨርሱ አጎቴን "ጋሼ፣ ሸራ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል እንጂ አይሰፋም" አሉት። እውነት ነው። ሸራው ሲሳሳ ሳህኑ ወደ ቮላኖው ይጠጋል፣ ጣቶቹ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ኩሽኔታው ይመጣሉ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል። አጎቴ አሁን ከመቀመጫው ስር የተማሪ ማስመሪያ አለችው። 24 ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። በየወሩ መጀመሪያ ጎንበስ ይልና የፔዳሉን የመጀመሪያ ክፍተት ይለካል። ባለፈው ወር 20 ሆኖ አገኘው። የታችኛውን ዘንግ ዳዶ ትንሽ ፈትቶ መለሰው።